መብትና ፈቃድ፤ በኦሪገን ግዛት የወጣው የጦር መሣሪያ መግዣ ሕግና የባለ መሣሪያዎቹ ስጋት

በዩናይትድ ስቴትስ ምዕራባዊ ዳር የሚገኘው የኦሪገን ግዛት ሕዝብ ኖቬምበር 8 ቀን 2022 በሰጠው ድምፅ አንድ አዲስ ሕግ አጸደቀ። ሕጉ በምርጫው ወረቀት ላይ በነበረው ተራ ቁጥር «ድንጋጌ 114» ተብሎ ይጠራል። ዋና ቃሉም ማንኛውም ሰው ጠመንጃም ሆነ ሽጉጥ ከመግዛቱ በፊት ከከተማው ፖሊስ አዛዥ ወይም ከአውራጃው ሸሪፍ የመግዣ ፈቃድ ማውጣት አለበት የሚል ነው። በዚህ ሕግ ምክንያት መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ያሰሙት ስጋት ብዙውን ጊዜ ጠመንጃ የሚወዱ ሰዎች ጩኸት ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን ስጋቱ ከምን እንደ ተነሣና የትኛው ክፍሉ ሚዛን እንደሚደፋ መመርመር ይገባል ብለን ስላመንን ይህን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይወቁልን።

በመጀመሪያ ስለ ሁለት ቃላት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአማርኛችን «ፈቃድ» ስንል ሰጪው ቢወድ የሚሰጠው፣ ባይወድ የሚከለክለው ነገር ማለታችን ነው። «መብት» ግን ማንም ሳይሰጠው የሰውየው የሆነ ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ላይ በ1791 የተጨመረው ሁለተኛው ማሻሻያ መሣሪያ መያዝን ከመብቶች ወገን አስቀምጦታል። የኦሪገን ሕገ መንግሥትም በአንደኛው ምዕራፍ በ27ኛው ክፍል ሕዝቡ ራሱንና ግዛቱን ለመከላከል መሣሪያ የመያዝ መብት እንዳለው ይናገራል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 በሄለር ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ይህ መብት የወታደር ወይም የዘማች ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው እንደ ሆነ ወስኗል። እንግዲህ በዚህ እምነት ያደገ ገበሬ ወይም ባለ ሱቅ «ከዛሬ ጀምሮ ፈቃድ አምጣ» ሲባል የገዛ ቤቱን በር አንኳኩቶ እንዲገባ የታዘዘ ያህል ይሰማዋል። ስሜቱን የማይጋራ ሰው እንኳ ከዚህ ተነሥቶ ካላየው ክርክሩን ሊረዳው አይችልም።

ይህ ማለት ግን ከዚያ በፊት መሣሪያ እንደ ድንች በገበያ ይሸጥ ነበር ማለት አይደለም። በ1993 በወጣው የብሬዲ ሕግ መሠረት ባለ ፈቃድ ነጋዴ ለገዢው ከማስረከቡ በፊት ገዢው በወንጀል የተፈረደበት ወይም በሌላ ምክንያት የተከለከለ ሰው አለመሆኑን ያስጣራል። ኦሪገን ደግሞ በ2015 ይህን ምርመራ ግለሰብ ለግለሰብ በሚያደርገው ሽያጭ ላይም ጨመረችበት። በፌዴራሉ ሕግ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረ። ምርመራው በሦስት የሥራ ቀን ካላለቀ ነጋዴው ከወደደ መሣሪያውን ማስረከብ ይችላል። በጁን 2015 በቻርልስተን ከተማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘጠኝ ምእመናንን የገደለው ወጣት ሽጉጡን ያገኘው በዚሁ ቀዳዳ ነው። ድንጋጌ 114 ምርመራው ሳይፈጸም ምንም መሣሪያ እንዳይሰጥ አዞ ቀዳዳውን ዘጋው። ይህን ክፍል ብዙ ባለ መሣሪያዎችም አጥብቀው አልተቃወሙትም።

ያስጨነቃቸው የፈቃዱ አወጣጥ ነው። አመልካቹ ስለ መሣሪያ ሕግ፣ መሣሪያን ከልጆችና ከሌባ ጠብቆ ስለ ማስቀመጥ፣ ራስን ስለ መግደልም የሚያስተምር ትምህርት መከታተል አለበት። የቃል ትምህርቱን በኢንተርኔት መማር ይቻላል። ነገር ግን መሣሪያውን መቆለፍ፣ ማጉረስ፣ ጥይቱን ማውጣትና መተኮስ እንደሚችል በተመሰከረለት አስተማሪ ፊት በአካል ቀርቦ ማሳየት ግዴታው ነው። ከዚያ አሻራ ይሰጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ እስከ 65 ዶላር ይከፍላል። ሸሪፉ ወይም የፖሊስ አዛዡ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጠዋል። ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ ሲያልቅም እስከ 50 ዶላር ተከፍሎ ይታደሳል። ፈቃድ የያዘ ሰውም ቢሆን መሣሪያ በገዛ ቁጥር ያው የቀድሞው ምርመራ ይደረግበታል። ሕጉ በተጨማሪ ከአሥር ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናን ይከለክላል፤ ይህ ራሱን የቻለ ክርክር ስለ ሆነ እዚህ አንገባበትም።

ሕጉን ያነሣሡት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ማወቅም ይጠቅማል። በ2018 በፍሎሪዳ በፓርክላንድ ትምህርት ቤት ከደረሰው እልቂት በኋላ በፖርትላንድ ከተማ የልዩ ልዩ ሃይማኖት መሪዎች ተሰብስበው የጀመሩት ሥራ ነው። ኦሪገንም የራሷ ሐዘን ነበራት። ኦክቶበር 1 ቀን 2015 በሮዝበርግ ከተማ በአምፕኳ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ ተማሪ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ገደለ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ እንደ እኛው በጠዋት ለትምህርት የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ይህን ስናነብ ስለ ሕጉ በቀዝቃዛ ልብ መጻፍ እንደሚከብድ አንሸሽግም።

ድምፁ ሲቆጠር ሕጉ ያለፈው ከግማሽ እጅግ በጥቂቱ በሚበልጥ ድምፅ ነበር። ፖርትላንድ የምትገኝበት የማልትኖማ አውራጃ በብዛት ሲደግፈው፣ ከ36ቱ አውራጃዎች አብዛኞቹ፣ በተለይ ከካስኬድ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ያሉት፣ ተቃወሙት። እንግዲህ ሕጉን የወደዱት በብዛት ፖሊስ በደቂቃ የሚደርስላቸው ከተሜዎች፣ የጠሉት ደግሞ በብዛት ፖሊስ የሚርቃቸው የገጠር ሰዎች ሆኑ። ስጋቱን ለመረዳት ወደ አንዱ አውራጃ ሄደን ማየት ይሻላል።

የሃርኒ አውራጃ በግዛቱ ደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። ስፋቱ ከ26,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በ2020 በተደረገው ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ ወደ 7,500 ብቻ ነው። ከብት አርቢዎች የሚበዙበት ደረቅ ሜዳ ነው። የአውራጃው ዋና ከተማ በርንስ ስትሆን በስተ ደቡብ ያለችው የፊልድስ መንደር ከእርሷ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አንድ የፊልድስ ከብት አርቢ አሻራውን ለመስጠትና ተኩሱን ለማሳየት ወደ በርንስ መሄድ ቢኖርበት፣ ሄዶ መመለሱ ብቻ ቀኑን ይጨርሰዋል። አስተማሪው በዚያ ቀን ከሌለ ሌላ ቀን ይመለሳል። በዚህ አገር ሸሪፍ የሚባለው ሹም በአውራጃው ሕዝብ የሚመረጥ ነው። በእንዲህ ያለው ሰፊ አውራጃ ጥቂት ረዳቶች ይዞ ወንጀል የሚከታተለውም፣ እስር ቤት የሚጠብቀውም፣ በበረዶ የጠፋ መንገደኛ የሚፈልገውም እርሱ ነው። አሁን ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ የአሻራ ጸሐፊና የፈቃድ ሰጪ ሥራ ተጨመረበት። ለዚህ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ግን ከሕጉ ጋር አብሮ አልመጣም፤ የታሰበው ከአመልካቹ የሚሰበሰበው ክፍያ ብቻ ነበር። የግዛቱ ሸሪፎች ማኅበር ሕጉን ከምርጫው በፊት የተቃወመው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በዚሁ በሃርኒ አውራጃ በጃንዋሪ 2016 የታጠቁ ሰዎች በፌዴራሉ መንግሥት መሬት አስተዳደር ተቆጥተው የማልሁር የዱር አራዊት መጠበቂያን ጽሕፈት ቤት ለ41 ቀን ይዘው ቆይተዋል። ብዙዎቹ ከሌላ ግዛት የመጡ ስለ ነበሩ ነዋሪው ሁሉ ደገፋቸው ለማለት አይቻልም። ሆኖም በዚያ አካባቢ «መንግሥት» የሚለው ቃል ሲነሣ ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚያቆመው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይህን ስሜት ያላየ ሰው የስጋቱን መጠን አያውቀውም።

ባለ መሣሪያዎቹ የፈሩት ነገር ሕጉ ሥራ ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው በአደባባይ ታየ። ሕጉ የሚጸናው ዲሴምበር 8 ቀን 2022 ነበር፤ ይኸውም ከድምፁ በኋላ በ30 ቀን መሆኑ ነው። በዚያ አንድ ወር ውስጥ የተመሰከረላቸው አስተማሪዎች አልተዘጋጁም፤ የትምህርቱ ይዘት አልተወሰነም፤ ማመልከቻው ራሱ ገና ነበር። የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ፈቃዱን የሚመለከተው ክፍል ለጥቂት ጊዜ እንዲዘገይ የፌዴራሉን ዳኛ ለመጠየቅ ተገደደ። እንግዲህ ፈቃድ ግዴታ ሆኖ ፈቃድ ሰጪ ባይኖር፣ በዚያ ቀን በመላው ግዛት መሣሪያ መግዛት የሚችል ሰው አይኖርም ነበር። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ይህን አስበው አደረጉት አንልም፤ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ በአንድ ሌሊት የሚቆም መስሏቸው ነው። ለባለ መሣሪያው ግን ውጤቱ ያው ነው። በዚሁ መካከል ሰው ሁሉ ሕጉ ሳይጸና ለመግዛት ወደ ሱቅ ስለ ጎረፈ፣ በግዛቱ ፖሊስ ዘንድ ያልተጠናቀቁት ምርመራዎች በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሆኑ። መሣሪያን ለመቀነስ የታሰበ ሕግ በመጀመሪያው ወር የመሣሪያን ገበያ ማሟሟቁ የሚያስገርም ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ስጋት የቀን ቆጠራ ነው። ሕጉ 30 ቀን ይላል፤ ሠላሳው ቀን ግን በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈው መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ባለ መሣሪያዎቹ የሚጠቅሱት የሌሎችን ግዛቶች ታሪክ ነው። ኢሊኖይ ከ1968 ጀምሮ መሣሪያ የሚይዝ ሁሉ መታወቂያ ካርድ እንዲያወጣ ታዛለች፤ ሕጓም 30 ቀን ይላል። ነገር ግን በ2020 እና በ2021 ወረርሽኙና የገዢው ብዛት ተደርበው ብዙ አመልካቾች ከሦስት ወር በላይ ጠብቀዋል፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል። በኒው ጀርሲ ደግሞ በ2015 አንዲት ሴት የቀድሞ ወዳጅዋ ስላስፈራራት ሽጉጥ ለመግዛት አመልክታ፣ ሕጉ የሰጠው ቀን አልፎ መልስ ሳይመጣላት በቤቷ ደጃፍ በዚሁ ሰው እጅ በስለት ተገደለች። ሽጉጡን ብታገኝ ትድን ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ሆኖም ለእንዲህ ያለ ሰው አንድ ወር ምን ያህል እንደሚረዝም ከከተማ ሆኖ ሕግ የሚጽፍ ሰው ሊያስብበት ይገባል። እኛ ከተሰሙት ስጋቶች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው እንላለን። ጥድፊያ ያለበት ሰው አደን ወዳጁ አይደለም፤ ትናንት የተዛተበት ሰው ነው።

ሦስተኛው ስለ ሹሙ ሥልጣን ነው። ሕጉ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ፈቃዱ ይሰጠው ይላል። ዳሩ ግን አመልካቹ በአእምሮው ሁኔታ ወይም ከዚህ በፊት ባሳየው የዐመፅ ጠባይ ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለ ሹሙ እንዲከለክል ፈቅዶለታል። «በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ በጥሩ ሹም እጅ ጋሻ፣ በመጥፎ ሹም እጅ ዱላ ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች ይህን ከታሪክ ያውቁታል። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1956 በሞንትጎመሪ ቤታቸው በቦምብ ከተመታ በኋላ መሣሪያ ይዞ የመሄድ ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለዋል። ያ ፈቃድ ስለ መያዝ እንጂ ስለ መግዛት አልነበረም፤ ቢሆንም ሹሙ የወደደውን የሚፈቅድበት፣ ያልወደደውን የሚከለክልበት አሠራር ምን እንደሚመስል ያሳያል። የሰሜን ካሮላይና የምክር ቤት አባሎች ከ1919 ጀምሮ የነበረውን የሽጉጥ መግዣ ፈቃድ በማርች 2023 ሲሽሩ፣ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ሸሪፎች በፈቃዱ አማካይነት ጥቁሮችን ይከለክሉ እንደ ነበረ ነው። ይህን ምክንያት ያነሡት ሰዎች በሌላ ጊዜ ለጥቁሮች ጉዳይ ያን ያህል ሲቆረቆሩ አልታዩም የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል፤ ቢሆንም የተናገሩት ታሪክ ሐሰት አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 65 ዶላር ለአሜሪካዊ ሠራተኛ የማይቻል አይደለም። ነገር ግን የትምህርቱ ዋጋ፣ የመንገዱ ነዳጅና ከሥራ የሚቀርበት ቀን ሲደመሩ ከክፍያው ይበልጣሉ፤ በ2025 ደግሞ ክፍያው ወደ 150 ዶላር ከፍ ይበል የሚል ረቂቅ በግዛቱ ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። ሀብታሙ አይሰማውም፤ በአደገኛ ሰፈር የምትኖር የሌሊት ሠራተኛ ግን ይሰማታል።

ስለ መዝገቡም እንዲሁ። የግዛቱ ፖሊስ ፈቃድ የወሰዱትን ሰዎች መዝገብ በኤሌክትሮኒክ እንዲይዝ ሕጉ ያዛል። ባለ መሣሪያዎቹ መዝገብ ዛሬ ለመቁጠር፣ ነገ ለመንጠቅ ነው ይላሉ። በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አገር አቀፍ የመሣሪያ መዝገብ እንዳይቋቋም ስለሚከለክል የንጥቂያው ፍርሃት ከመጠን ያለፈ ይመስለናል። መዝገቡ በሌላ ሰው እጅ መውደቁ ግን ከዚህ በፊት ሆኗል። በዲሴምበር 2012 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ ጋዜጣ በዌስትቸስተርና በሮክላንድ አውራጃዎች የሽጉጥ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ስምና አድራሻ በካርታ ላይ አትሞ አውጥቶ ነበር። መሣሪያ ያለበትንም የሌለበትንም ቤት ለሌባ ማሳየቱ ነው።

እስካሁን የስጋቱን ወገን አስረዝመናል። ፈቃዱ ይጠቅማል የሚሉትም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። የኮኔቲከት ግዛት በ1995 እንዲህ ያለ የሽጉጥ ፈቃድ ሕግ አወጣች፤ ሚዙሪ ደግሞ ለብዙ ዘመን የነበራትን በ2007 ሻረች። አንዷ ስታወጣ ሌላዋ ስለ ሻረች ለተመራማሪዎች ጥሩ ማወዳደሪያ ሆኑ። በ2020 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚገምተው፣ በኮኔቲከት በመሣሪያ የሚፈጸም ግድያ ሕጉ ባይኖር ሊደርስ ከነበረው በ28 በመቶ ሲያንስ፣ በሚዙሪ ከሽረቱ በኋላ በ47 በመቶ በልጧል። ይህ ግምት ነው፤ ሁለት ግዛት ብቻ ይዞ የተሠራ ሒሳብ ሌላ ምክንያት ሊደባለቅበት ስለሚችል የቁጥሩን ትክክለኛነት እንደ ማቴማቲክ ውጤት ልንወስደው አይገባም። ቢሆንም ሁለቱም ግዛቶች የጠቆሙት አቅጣጫ አንድ ነው።

ሌላው የደጋፊዎቹ ነጥብ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነው። በኦሪገን በጥይት ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ በሌላ ሰው የተገደሉ ሳይሆኑ ራሳቸውን የገደሉ ናቸው። ራሱን ለመግደል የሚነሣሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ስሜት የአጭር ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ካለፈለት ብዙው ወደ ሕይወቱ ይመለሳል። ስለዚህ ያ የተዛተባትን ሴት የሚጎዳት ሠላሳ ቀን ተስፋ የቆረጠውን ሰው ሊያድነው ይችላል። የችግሩ እምብርት ይህ ይመስለናል። አንዱ መዘግየት ለአንዱ ሞት፣ ለሌላው መድኃኒት ነው፤ ሁለቱም በአንድ መስኮት ፊት ተሰልፈው የቆሙ ናቸው፤ መስኮቱ ውስጥ ያለው ጸሐፊ ግን ለይቶ አያውቃቸውም። መሣሪያ ቀድሞ በቤቱ ላለው ሰው ደግሞ ፈቃዱ ለክፉም ለደጉም አይደርስበትም።

ጉዳዩ በፍርድ ቤት ያደረገው ጉዞ የስጋቱን ክብደት ለመመዘን ይረዳል። ዲሴምበር 6 ቀን 2022 የፌዴራሉ ዳኛ ካሪን ኢመርገት ሕጉን በጠቅላላ አላግድም ብለው ለፈቃዱ ክፍል ብቻ 30 ቀን ሰጡ። በዚያው ዕለት የሃርኒ አውራጃ ዳኛ ሮበርት ራስኪዮ በበርንስ ሕጉን ሙሉ በሙሉ አገዱት። በ2023 ሁለቱም ፍርድ ቤቶች ማስረጃ ሰምተው ተቃራኒ ፍርድ ሰጡ። ኢመርገት በጁላይ ሕጉ ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር አይጋጭም አሉ፤ ራስኪዮ በኖቬምበር ከኦሪገን ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል አሉ። በማርች 2025 የኦሪገን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የራስኪዮን ፍርድ ሻረ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ተቀብሎ በኖቬምበር 2025 ክርክሩን ሰማ። በዚህ መካከል ሕዝቡ ያጸደቀው ሕግ ሦስት ዓመት ሲሞላው አንዲት የመግዣ ፈቃድ እንኳ አልተሰጠችም ነበር።

የይግባኙ ፍርድ ሲነበብ አንድ ልዩነት ልብ ማለት ይገባል። ፍርድ ቤቱ የመረመረው ሕጉ በተጻፈበት መልክ በማንም ላይ በትክክል ሊሠራ ይችላል ወይ የሚለውን ነው፤ በአንድ ሸሪፍ መሥሪያ ቤት በአንድ አመልካች ላይ እንዴት ይሠራ ይሆን የሚለው ለወደፊት የተተወ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2022 በብሩን ጉዳይ የኒው ዮርክን ሕግ ሲሽር በግርጌ ማስታወሻ ይህንኑ ነካ አድርጎታል። መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ የሚሰጥ ፈቃድ እንደማያስወቅስ አመልክቶ፣ ረጅም ጥበቃ ወይም ከመጠን ያለፈ ክፍያ ተራውን ዜጋ ከመብቱ የሚያስቀር ከሆነ ግን ክስ ሊቀርብ እንደሚችል ተናግሯል። በእኛ አስተያየት ባለ መሣሪያዎቹ «ፈቃድ ማለት ራሱ ሕገ ወጥ ነው» በሚለው ክርክራቸው የሚገፉ አይመስለንም። የግርጌ ማስታወሻዋን ቢይዙ ግን ብዙ መንገድ ትወስዳቸዋለች።

ከኦሪገን በኋላ የወጡት ሕጎች ከዚህ የተማሩ ይመስላሉ። በስተ ሰሜን የምታዋስናት የዋሽንግተን ግዛት አገረ ገዥ ቦብ ፈርጉሰን በሜይ 2025 ተመሳሳይ ሕግ ፈርመዋል፤ ሕጉ እንዲጸና የተቀጠረው ግን ለሜይ 1 ቀን 2027 ነው። ይህም ለዝግጅት ሁለት ዓመት ያህል ይሰጣል። ፈቃዱን እንዲሰጥ የተመደበውም እያንዳንዱ ሸሪፍ ሳይሆን የግዛቱ ፖሊስ ነው፤ አመልካቹ በትምህርቱ ቢያንስ 50 ጥይት እንዲተኩስ ታዟል። በሲያትልና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ፣ ከእነርሱም የሌሊት ሱቅ የሚጠብቁና ታክሲ የሚነዱ ስላሉ ይህ ሕግ ከአንባቢዎቻችን ዘመዶች አንዳንዱን መንካቱ አይቀርም። ኮሎራዶ በኤፕሪል 2025 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ካዝናቸው ተነቃይ የሆኑ ራስ አጉራሽ መሣሪያዎችን ይመለከታል። ሕጉ እንዲጸና የተወሰነው ለኦገስት 1 ቀን 2026 ሲሆን፣ ገዢው ከሸሪፉ ካርድ አውጥቶ ትምህርት እንዲከታተል ያዛል፤ የአዳኝነት ትምህርት ቀድሞ የተማረ ሰው አራት ሰዓት ሲበቃው ያልተማረው 12 ሰዓት ይማራል።

ወደ ኦሪገኑ ሕግ እንመለስና ሸሪፉ በ30 ቀን ውስጥ ባይመልስስ ለሚለው ጥያቄ ሕጉ መልስ እንዳለው እንግለጽ። ዝምታ እንደ እሺታ አይቆጠርም፤ ፈቃዱ በራሱ አይወጣም። አመልካቹ ለአውራጃው ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ ዳኛውም አቤቱታው ከቀረበ ጀምሮ በ15 የፍርድ ቤት የሥራ ቀን ውስጥ ይወስናል። በፖርትላንድ ጠበቃ ላለው ሰው ይህ መድኃኒት ነው። የፊልድሱ ከብት አርቢ ግን ያንኑ መንገድ ወደ በርንስ ዳግመኛ ይነዳል፤ ሠላሳው ቀንና አሥራ አምስቱ ቀን፣ በመካከል የሚገቡት ቅዳሜና እሑድም ሳይቀሩ ተደምረው፣ ነገሩ ሁለት ወር ሊጠጋው ነው።